ስለ ማገዶ ቁጠባ የሚሰጥ ትምህርት፤ ኩበት ከምድጃ ወደ እርሻ እንዲመለስ

ለወረዳና ለቀበሌ የእርሻ ሹማምንት፤

ስለ ማገዶና ስለ ምድጃ ነገር በተነሣ ጊዜ ብዙዎች ሹማምንት፦ ይህስ የሴቶች ጉዳይ ነው እንጂ የእርሻ ሥራ አይደለም፤ ብለው ይመልሳሉ። ይህን መልስ እኔ ራሴ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ከሰሙትም መካከል ዝም ብዬ ያለፍሁበት ጊዜ አለ። ነገር ግን በደጋው አገር ዝናቡ ካባራ በኋላ ከአንድ መንደር ዳር ቆሞ የተመለከተ ሰው፥ በየቤቱ ጓሮ ተጠፍጥፎ የሚደርቀውን፥ ከደረቀም በኋላ እንደ ጎጆ የሚከመረውን ኩበት ያያል። ያ ክምር የእርሻው ማዳበሪያ ነበረ። ክረምቱ ሲቃረብ ገበሬው ማዳበሪያ ተወደደብኝ፥ መሬቴም ደከመብኝ እያለ ወደ ጽሕፈት ቤታችን ይመጣል፤ እኛም ስለ ዋጋውና ስለ መምጫው ቀን እንነግረዋለን። ከገዛ ከብቶቹ ያገኘው ማዳበሪያ ግን በጋውን ሁሉ በገዛ ምድጃው ሲነድ ከርሟል። ስለዚህ የምድጃን ነገር የማያውቅ የእርሻ ሹም ከሥራው እኩሌታውን አያውቅም ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ነገሩን በቁጥር እንመልከተው። በደረቅ የከብት እበት ውስጥ ከመቶ እጅ አንድ ተኩል ያህሉ ናይትሮጅን ነው፤ መጠኑ እንደ ከብቱ መኖና እንደ አያያዙ ከዚህ ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። እንግዲህ አንድ ኩንታል ደረቅ ኩበት አንድ ኪሎ ተኩል ያህል ናይትሮጅን ይዟል ማለት ነው። ዩሪያ የሚባለው ማዳበሪያ ከመቶ እጅ 46 ናይትሮጅን ስለ ሆነ፥ አንድ ኩንታል ኩበት ያነደደ ቤት ከ3 ኪሎ ዩሪያ የማያንስ ነገር ወደ ጭስ ሰደደ። በዓመት አሥር ኩንታል የሚያነድ ቤት ቢኖር ሒሳቡ ከ30 ኪሎ በላይ ይሆናል። ፎስፎርና ፖታስ የሚባሉት ግን አብዛኛውን በአመዱ ውስጥ ይቀራሉ፤ አመዱን ወደ እርሻ የሚመልስ ቤት እነዚህን ያተርፋል። በእሳት ፈጽሞ የሚጠፋው ናይትሮጅኑና አፈሩን የሚያለሰልሰው፥ ውሃም የሚያስይዘው ብስባሽ ነው። ዩሪያ ቶሎ ይሠራል፥ ቶሎም ያልቃል፤ እበት ግን ቀስ ብሎ ለዓመታት ይሠራል፤ የብስባሹንም ፋንታ ዩሪያ ሊተካው አይችልም።

ይህን ያወቀ ሹም ስብሰባ ጠርቶ፦ ከእንግዲህ ወዲህ ኩበት አታንድዱ፤ ብሎ ማዘዝ ይቃጣዋል። ትእዛዙ ለመናገር ቀላል ነው፤ ዳሩ ግን እንጀራው በምን ይጋገራል? እንጨት በአጠገብ የሌለው ሰው ኩበት የሚያነደው ጥቅሙን ስላላወቀ አይደለም፤ ሌላ ስላጣ ነው። እንጨት ለመልቀም ግማሽ ቀን የምትሄድ፥ ሸክሙን በጀርባዋ አዝላ የምትመለስ ሴት በጓሮዋ ያለውን ኩበት ብታነድ ማን ይፈርድባታል? ስለዚህ የሚቀረው መንገድ አንድ ነው፤ ይኸውም ያው ምግብ ባነሰ እሳት እንዲበስል ማድረግ ነው።

አገራችን የማገዶን ችግር ዛሬ አልጀመረችውም። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ በዙሪያዋ የነበረው ደን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለማገዶና ለቤት ሥራ ተቆርጦ አለቀ። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክም በ1893 ዓ.ም. ገደማ ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ሕንፃ አስጀምረው ነበር፤ ኋላ ግን ያ ስፍራ የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ከተማይቱን ከመፍለስ ካዳኗት ነገሮች አንዱ ከአውስትራልያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ዛፍ መትከል እንግዲህ መልካም ነው፤ ባሕር ዛፍም ከእርሻ ርቆ በተገቢው ቦታ ቢተከል አይነቀፍም። ነገር ግን ችግኝ ማገዶ እስኪሆን ድረስ ዓመታት ያስፈልጉታል፤ ምጣዱ ግን በሦስተኛው ቀን ተመልሶ ይጣዳል።

በሦስት ጉልቻ ላይ የሚነድ እሳት ከሚሰጠው ሙቀት ወደ ድስቱ የሚገባው ከመቶ እጅ ከ10 እስከ 15 ያህል ብቻ ነው። የቀረው በነፋስ ይሄዳል፥ ድንጋዩንና መሬቱን ያሞቃል፥ ከጭሱም ጋራ በጣራው ይወጣል። አባቶቻችን ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ብለዋል፤ ይህ ስለ ጣዕም እውነት ነው። ስለ ማገዶ የተነገረ እንደ ሆነ ግን አይሠራም፤ ጉልቻው በተለወጠ ጊዜ ወጡ ያው ሲሆን እንጨቱ ይቀንሳልና።

ከምድጃው አስቀድሞ ግን ስለ እንጨቱ ራሱ መናገር ይገባል። አሁን የተቆረጠ እርጥብ እንጨት ከክብደቱ እኩሌታው ያህል ውሃ ነው። እሳቱም አስቀድሞ ያን ውሃ ወደ እንፋሎት ይለውጣል፤ ለዚህ የሚወጣው ሙቀት ለድስቱ አይደርስም። በጣራ ሥር ብዙ ሳምንት የደረቀ እንጨት ከክብደቱ አንድ አምስተኛ ያህል ውሃ ብቻ ይቀርበታል። ስለዚህ አንድ ኪሎ ደረቅ እንጨት ከአንድ ኪሎ እርጥብ እንጨት እጥፍ ያህል ሙቀት ይሰጣል። እንጨት ሻጭ በሸክም የሚሸጥ ከሆነ እርጥቡን የገዛ ሰው ውሃ ገዛ። ግንዱን ሳይፈልጡ ማድረቅም ብዙ አይጠቅምም፤ በአውራ ጣት ውፍረት ወይም በጥቂት ከፍ ብሎ ተፈልጦ፥ ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ ነፋስ እንዲያገኘው ሆኖ ሊደረደር ይገባል። ለክረምቱ የሚሆነው በሚያዝያና በግንቦት ተፈልጦ መግባት አለበት። ይህ ሁሉ ከጉልበት በቀር አንዳች ገንዘብ አይጠይቅም።

ገንዘብ የማይጠይቅ ሌላም ነገር አለ። ብዙ ሰው ድስቱ እየተንተከተከ ሲገነፍል ቶሎ የሚበስል ይመስለዋል፤ ይህ ስሕተት ነው። ውሃ አንድ ጊዜ ከፈላ በኋላ የቱንም ያህል እሳት ቢጨመርበት ሙቀቱ ከፍ አይልም፤ ትርፉ እሳት እንፋሎት ብቻ ይሆናል። አንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ከሚወጣው ሙቀት ይልቅ ያንኑ የፈላ ሊትር በሙሉ በእንፋሎት ለመጨረስ የሚወጣው ሰባት እጥፍ ያህል ነው። እንግዲህ ድስቱ ከፈላ በኋላ እንጨቱን ወደ ኋላ ስቦ በትንሽ እሳት ማቆየት፥ የሚገጥም እፊያም መክደን ምን ያህል እንደሚጠቅም ከዚህ ይታወቃል። በደጋው አገር ነገሩ ይብሳል። በባሕር ጠረፍ ውሃ በ100 ዲግሪ ሲፈላ፥ ከባሕር ወለል 2400 ሜትር ከፍ ባለ ስፍራ ግን በ92 ዲግሪ ያህል ይፈላል፤ ስለዚህ ባቄላና ሽምብራ በደጋ ረጅም ሰዓት ይፈልጋሉ። መድኃኒቱ ሌሊቱን በውሃ ዘፍዝፎ ማሳደር፥ ወይም ከክቶ ማብሰል ነው። ገንዘብ ያለውም በእንፋሎት ግፊት የሚያበስል ድስት ቢገዛ፥ በውስጡ ሙቀቱ ከ110 ዲግሪ በላይ ስለሚደርስ ሰዓቱ በጣም ያጥራል።

በልጅነቴ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ወጥ ቤት አንድ ትልቅ ሣጥን ነበረ፤ ውስጡ ጭድ ተጠቅጥቆ በመካከሉ የድስት ማስቀመጫ ጉድጓድ ተደርጎበት ነበር። ማታ የተዘፈዘፈው ባቄላ ጧት ጥቂት ደቂቃ ከፈላ በኋላ ከነድስቱ በዚያ ይገባል፤ በላዩም ጭድ የተሞላ ትራስ ይጫናል፤ ለምሳ ሲከፈት በስሎ ይገኛል። እኛ ተማሪዎቹ ባቄላውን እንጂ ሣጥኑን አናስተውልም ነበር። ይህን በቅርጫትና በጤፍ ጭድ ማንኛዋም ባለቤት ልትሠራው ትችላለች። ማስተዋል የሚገባው፥ ድስቱ እየፈላ ሳለ እንዲገባ፥ እፊያውም በመካከል እንዳይከፈት፥ ከመበላቱም አስቀድሞ እንደ ገና እንዲፈላ ነው፤ ለብ ብሎ የቆየ ምግብ ይበላሻልና።

አሁን ወደ እንጀራው እንመለስ፤ በደጋው አገር ቤት ከሚነደው ማገዶ ከእኩሌታ በላይ የሚወስደው ምጣድ ነውና። ምጣዱ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት አለው፤ ሸክላውም ወፍራም ስለ ሆነ እስኪግል ድረስ ብዙ እንጨት ይበላል። አንዴ ከጋለ ግን ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። ስለዚህ በሳምንት አራት ጊዜ ጥቂት ጥቂት ከመጋገር ሁለት ጊዜ አብዝቶ መጋገር የሁለቱን ቀን ማጋያ ያተርፋል። ጎረቤታሞች ሁለት ቤት ሆነው ተራ በተራ በአንዱ ቤት ምጣድ ቢጋግሩም እንዲሁ ነው፤ የፊተኛዋ ስትጨርስ የኋለኛዋ በጋለ ምጣድ ትጀምራለች። ቡሖው ለሁለቱም በአንድ ቀን እንዲደርስ መስማማት ብቻ ያስፈልጋል። ይህንም እኛ ወንዶች ብንመክር አይሰማም፤ በዕድር ወይም በማኅበር ያሉ እናቶች ቢናገሩት ይሻላል።

ጥቂት ገንዘብና ጭቃ ለማውጣት የሚችል ቤት፥ የምጣዱን ዙሪያ በጭድ በተቦካ ጭቃ አጥሮ ለማገዶ መግቢያ አንድ አፍ፥ ለጭስ መውጫም በስተኋላ አንድ ቀዳዳ ቢተውለት ነፋሱ ይከለከላል። ከዚህ የተሻለው ከ1980ዎቹ ዓመታት ጀምሮ በአገራችን የተስፋፋው ምርጥ ምድጃ ነው። ይህ ምድጃ ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ጠጠር በቅርጽ ተጠቅጥቆ፥ በየክፍሉ ተሠርቶ የሚገጣጠም ነው፤ ምጣዱን በዙሪያው አቅፎ ይይዛል፤ ከምጣዱ ሥር ያመለጠው ሙቀትም በስተኋላ የተጣደውን ድስት ያሞቃል። በደንብ ከተተከለ ከሦስት ጉልቻ ጋራ ሲመዛዘን የማገዶውን እኩሌታ ያህል ያድናል። ጎንዝዬ የሚባለው የሸክላ ምድጃም አለ፤ ለወጥ ደግሞ ትክክል የሚባለው፥ ለከሰልም ላቀች የሚባለው ይገኛል። ላቀች ከተራው የቆርቆሮ ከሰል ምድጃ ይልቅ ከከሰሉ ሩብ ያህል ይቆጥባል።

ስለ ከሰል ካነሣን አንድ ነገር አስጠንቅቀን እንለፍ። በአፈር በተሸፈነ ጉድጓድ ወይም ክምር አንድ ኪሎ ከሰል ለማውጣት ከ5 እስከ 10 ኪሎ እንጨት ይፈጃል፤ አንድ ኪሎ ከሰል የሚሰጠው ሙቀት ግን የሁለት ኪሎ ደረቅ እንጨት ያህል ነው። ስለዚህ በገጠር ከሰል ማንደድ ደኑን ማባከን ነው። ደግሞ ከሰል ጭስ ስለሌለው ጉዳት የሌለው ይመስላል፤ ነገር ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው፥ ሽታም መልክም የሌለው መርዝ ይወጣዋል። በብርድ ወራት ከሰል ይዘው፥ በርና መስኮት ዘግተው የተኙ ቤተሰቦች ሞተው ያደሩበት ጊዜ ብዙ ነው። ከሰል በተዘጋ ቤት እንዳይታደር በየስብሰባው ንገሩ።

ምድጃ ማደል ግን ምድጃ ማስለመድ አይደለም። በአንድ ወረዳ፥ ስሙን አልጠራም፥ ምርጥ ምድጃ ከታደለ ከአንድ ዓመት በኋላ ለማየት ተልኬ ነበር። በመዝገቡ ላይ የታደለው ቁጥር በጥሩ ጽሕፈት ተጽፏል፤ የተቀባዮቹም ፊርማ አለ። በየቤቱ ስገባ ግን አንዱ ምድጃ በጓሮ ፈርሶ፥ ሌላው ጨው ማስቀመጫ ሆኖ፥ ሌላው ደግሞ ዶሮ ዕንቁላል ታቅፋበት አገኘሁ። አንዲት አሮጊት፦ እማማ፥ ምድጃውን ለምን ተዉት? ብዬ ብጠይቃቸው፦ ልጄ፥ ምድጃችሁስ መልካም ነበር፤ ምጣዴን ግን አልተቀበለውም፤ በዳር በዳሩ እሳቱ እየወጣ እንጀራዬን ዐይን አሳጣው፤ አሉኝ። ምጣዳቸውን ለካሁት፤ ከምድጃው አፍ በአራት ጣት ያንስ ነበር። ያደለው ሰው አንድ ቀን ምጣዱን ቢለካ፥ ወይም ቀለበቱን በጭቃ ቢያጠብላቸው ኖሮ ነገሩ ያን ቀን ያልቅ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ምድጃ ከመታደሉ በፊት የምጣድ ስፋት እንዲለካ በየደብዳቤው እጽፋለሁ። ሌላው የሚያበላሸው ወፍራም ግንድ ነው፤ የምድጃው አፍ ጠባብ ስለ ሆነ ያልተፈለጠ እንጨት አይገባም፤ ባለቤቲቱም አፉን በመጥረቢያ ትሰብረዋለች። ደግሞ አዲስ የተሠራው የሲሚንቶ ክፍል ቢያንስ ሰባት ቀን በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ውሃ እየጠጣ ካልጠነከረ፥ በመጀመሪያው ወር ይሰነጠቃል። ሠሪው ቶሎ ለመሸጥ ይቸኩላል፤ ይህን የሚቈጣጠረው የእናንተ ሰው ነው።

እንጀራው ዐይን ካላወጣ፥ ከዳሩም ካልተነሣ፥ ስለ ማገዶ የምንነግረው ሁሉ ከንቱ ነው። ስለዚህ በየቀበሌው ሙከራ አድርጉ እንጂ ንግግር አታብዙ። ሙከራውም እንዲህ ነው። በጋገራ የታወቀች አንዲት ሴት ትመረጥ፤ ያው ዓይነት ደረቅ እንጨት በሚዛን ተመዝኖ ይሰጣት፤ በጉልቻ ላይ 30 እንጀራ ትጋግር፤ የተረፈው እንጨት ይመዘን። በሌላ ቀን ያንኑ ያህል በምርጥ ምድጃ ትጋግር። አንድ ቀን ብቻ አይበቃም፤ ነፋስና የቡሖ ውፍረት ቁጥሩን ያዛባሉና በእያንዳንዱ ሦስት ጊዜ ይደገም። ከዚያ በኋላ የነደደው እንጨት ለእንጀራው ብዛት ይካፈል። ለምሳሌ ያህል በጉልቻ 12 ኪሎ ነዶ 30 እንጀራ ቢወጣ፥ ለአንዱ እንጀራ 400 ግራም ደረሰው፤ በምርጥ ምድጃ 6 ኪሎ ቢሆን 200 ግራም ይሆናል። ጎረቤቶች ሚዛኑን በዐይናቸው ይዩ፥ እንጀራውንም ይቅመሱ፤ ፍርዱም የእነርሱ ይሁን። ቁጥሩ ከተነገረው ያነሰ ቢሆን እንዳለ ጽፋችሁ ላኩ፤ ያማረ ሐሰት ከዚህ ቢሮ ምንም አይጠቅምም።

ስለ ጭሱም ሒሳብ አለ። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 በቤት ውስጥ በሚነድ ማገዶ ጭስ ምክንያት በዓለም ሁሉ 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደ ሞተ ገምቷል፤ በእናታቸው ጀርባ ታዝለው ከምድጃ አጠገብ የሚውሉ ሕፃናት ለሳንባ ምች ይጋለጣሉ። ደረቅ እንጨትና የጭስ መውጫ ያለው ምድጃ ጭሱን ይቀንሳሉ፤ ፈጽመው ግን አያጠፉትም። ስለዚህ መስኮት የሌለው ወጥ ቤት ቢያንስ ከጣራው ሥር መተንፈሻ ይከፈትለት።

አራት ያህል ከብት ያለውና ውሃ በአጠገቡ የሚያገኝ ገበሬ ባዮጋዝ የሚባለውን ጉድጓድ ቢያሠራ፥ ስለ ኩበት ያነሣነው ክርክር በእርሱ ቤት ያልቃል። እበትና ውሃ እኩል ለእኩል ተቀላቅሎ በየቀኑ ይገባል፤ አየር በሌለበት ሲብላላ ጋዝ ይሰጣል፤ ጋዙ ለወጥ፥ ለቡናና ለመብራት ይነዳል፤ ናይትሮጅኑ ግን በሚወጣው ፈሳሽ ውስጥ ስለሚቀር ወደ እርሻ ይሄዳል። ዋጋው ለብዙዎች ይከብዳል፤ እሳቱም ለእንጀራ ምጣድ ያንሳል። ከብቱ በመስክ የሚያድር ወይም ውሃ ከሩቅ የሚቀዳ ሰው ሥራውን ጀምሮ መተዉ አይቀርምና እንዲህ ያለውን አታግባቡ።

በከተሞቻችሁ ላሉ የኤሌክትሪክ ተጠቃሚዎችም ጥቂት ቃል ይበቃል። ታላቁ የህዳሴ ግድብ በጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ይህ ግን መብራት በነጻ ይነዳል ማለት አይደለም። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3500 ዋት ያህል ይወስዳል፤ በአንድ ሰዓት ሦስት ኪሎዋት ሰዓት ተኩል ማለት ነው። ለመጋል ሩብ ሰዓት ቢፈጅ፥ እያንዳንዱ ማጋያ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል፤ ስለዚህ በዚህም ቢሆን አብዝቶ በአንድ ቀን መጋገር ይሻላል። የመጨረሻዎቹ ሁለት እንጀራዎች ሲቀሩ ምጣዱን ማጥፋት ይቻላል፤ ሸክላው የያዘው ሙቀት ይበቃቸዋልና። ባለ 100 ዋት አሮጌ አምፑል በቀን 5 ሰዓት ቢበራ በ30 ቀን 15 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል፤ በምትኩ የሚገባው ባለ 10 ዋት ኤል ኢ ዲ አምፑል አንድ ኪሎዋት ሰዓት ተኩል ብቻ ይፈጃል።

የምድጃው ሙከራ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ቢደረግ ይመረጣል፤ እንጨቱ ደረቅ ነው፥ ባለቤቶቹም ከአጨዳና ከውቂያ በኋላ ጊዜ ያገኛሉ። የኩበቱም ጠፍጣፊዎች በዚሁ ወራት ሥራቸውን ስለሚጀምሩ፥ ማገዶ የተረፈለት ቤት እበቱን ሳይጠፈጥፍ በጥላ ሥር ከገለባና ከአመድ ጋራ ከምሮ እስከ ክረምት ያብላላው። ክምሩ ከቤቱ በር የራቀ፥ ከጎርፍም ከፍ ያለ ቦታ ይሁን፤ በላዩም ገለባ ይልበስ፤ ፀሐይና ዝናብ ካገኙት ናይትሮጅኑ ሳይነድም ይጠፋልና።